በሲዲው ሽፋን ውስጥ የቀረው ወረቀት

ቅዱሳን፣ ሰላም ይብዛላችሁ። የምመሰክረው ነገር አለኝ። የፕሮግራም መሪያችን አሥር ደቂቃ ሰጥቶኛል፤ እኔን ግን ታውቁኛላችሁ፣ አሥር ደቂቃ ለሰላምታም አይበቃኝ። ዛሬ ሰዓቱን ቢያሳየኝም አላይለትም። ጌታ ያደረገልኝን ሦስት ዓመት ሙሉ ግማሹን ብቻ ስናገር ኖሬአለሁ። ዛሬ ሙሉውን ተናግሬ ነው ከዚህ የምወርደው። ስሙ ይባረክ! አሜን በሉ እንጂ፣ ምነው፣ ቁርስ አልቀመሳችሁም?

ለእንግዶቻችን ራሴን ላስተዋውቅ። እቴነሽ እባላለሁ፤ እዚሁ መካነ ሰላም ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አባቴ እስላም፣ እናቴ ክርስቲያን ነበሩ፤ በእኛ አገር ይሄ ወሬም አይደል። እኔ በልጅነቴ የሁለቱንም ድግስ እንጂ የአንዱንም ጾም አላውቅም ነበር። ሲመቸኝ ወላሂ፣ ሲመቸኝ ማርያምን እያልኩ ነው ያደግሁት። አምላክ አለ ወይ ብትሉኝ አለ እላችኋለሁ፤ ከእኔ ጋር ግን አንተዋወቅም ነበር።

ከዚያ ኩዌት ሄድኩ። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ። ስሄድ ደላላው የነገረኝና ስደርስ ያገኘሁት ሥራ ሰማይና ምድር ነበር። እመቤቴ ደመወዜን ዛሬ ነገ እያለች ስትሸነግለኝ ኖረች። እዚያ ነው ሰው የሚነግረኝን ማመን ያቆምኩት። «ያላየሁትን አላምንም» የሚል አባባል አፌ ላይ ተጣበቀ። አስቴር የምትባል የአገሬ ልጅ፣ ጌታን የምታውቅ፣ ስንለያይ ትንሽዬ አዲስ ኪዳን ሰጠችኝ። «ሲጨንቅሽ አንብቢው» አለችኝ። «ሲጨንቀኝ ላንቺ እደውላለሁ» ብያት በሻርፕ ጠቀለልኩት። ሳልከፍተው አገሬ ገባሁ። እዩ እንግዲህ የእኔን ነገር!

ደምሴን እዚያው ኩዌት ነው ያገኘሁት፤ ሾፌር ነው። አብረን መጥተን ተጋባን፤ አምስት ወር ተቀምጦ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ እናቱ ጋ፣ እማማ ስንዱ ግቢ ቀረሁ። ደምሴ ለእማማ ስንዱ አንድ ልጃቸው ነው፤ ሌሎቹን ሁሉ ቀብረዋል። እኔ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ በሰው አገር የሰው ልጅ ሳሳድግ ነው ዕድሜዬ የሄደው። ማርገዜን የነገርኳቸው ቀን እማማ ስንዱ መሬቱን ሳሙት። «አልሐምዱሊላህ! ዓይኔን በዓይኔ ሳላይ አልሞትም ማለት ነው» አሉ። የማርያም ጽዋ ጠጪ ሆነው አልሐምዱሊላህ ይላሉ፤ ጎረቤታችን ሼህ እንድሪስ ደግሞ ሲደነግጡ «ወይ ማርያም» ይላሉ። እንዲህ ነው ሰፈራችን።

የእርግዝና ክትትሌን ጤና ጣቢያ ጀመርኩ። አዋላጇ ሲስተር መሠረት ናት፤ ያቻትና፣ ከመዘምራኑ ጋር ተቀምጣ ፊቷን የሸፈነችው። ያኔ ግን ጴንጤ መሆኗን እንጂ ሌላ አላውቅላትም። ጥሩምባ የመሰለች ነገር ሆዴ ላይ ደግና፣ ጆሮዋን ለጥፋ፣ ትንፋሿን ይዛ የልጁን ልብ ታዳምጣለች። እኔ በሆዴ እስቃለሁ፤ በዚህ ዘመን በጥሩምባ! «እቴነሽ፣ አምስት ወር ሲሞላሽ ሆስፒታል ሂጂና አልትራሳውንድ ታዪ። ብልቶቹ በደንብ መሠራታቸውን፣ የእንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ፣ ውሃው መብቃቱን የሚያዩት ያኔ ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት። አልሄድኩም።

ለምን አልሄድኩም? ደምሴ ነዋ! የኩዌት ጓደኛው ሚስቱ ከአዲስ አበባ የልጃቸውን ፊልም በኢሞ ልካለታለች። ሆድ ውስጥ ሆኖ ሲያዛጋ! ደምሴ ያንን አይቶ እንቅልፍ አጣ። «የእኔም ልጅ ፊልም ይነሣልኝ፤ ደሴ ጀምረዋል አሉ» አለኝ። ደውዬ ብጠይቅ፣ ፊቱ ሞልቶ የሚታየው ከስድስት ወር ተኩል በኋላ ነው አሉኝ። ያኔ ልቤ ምን አለ? ሁለት ጊዜ ከምመላለስ የአምስት ወሩን ትቼ በፊልሙ አንድ ላይ እጨርሰዋለሁ አለ። እናንተ እርጉዞች፣ አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። የአምስት ወሩና ፊልሙ አንድ አይደሉም! አንዱ ለምርመራ ነው፣ አንዱ ለናፍቆት። አንዱ ሌላውን አይተካም። ይሄን ስታውቁ ከእኔ ትበልጣላችሁ።

ሰባት ወር ሲሆነኝ ለደሴ ተሳፈርኩ። እማማ ስንዱ በሩ ላይ ቆመው «ጽንስ ለዓይን አይሰጥም፣ አንቺ ልጅ! እግዜር የሸፈነውን ምን ብለሽ ትገልጪዋለሽ?» እያሉ ይቆጣሉ። በአቀስታ ከተማ አድርገን፣ ጉጉፍቱ ተራራ ላይ ብርዱ አጥንቴን ሲያንኳኳው፣ እኔ እቴ! የማስበው አፍንጫዋን ነው። የደምሴን እንዳትወስድ ብቻ። ወሰደችው፣ በኋላ ታዩታላችሁ።

ክሊኒኩ ጥሩ ነበር፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፣ አስቀድሜ ልናገር። ሐኪሙ አልጋ ላይ አስተኝቶኝ ቀዝቃዛ ቅባት ሆዴን ቀባው። መጀመሪያ ጥቁርና ነጩን ምስል እያየ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ይለካል፣ ይጽፋል። እኔ ደበረኝ። «ዶክተር፣ ፊልሙ መቼ ነው?» አልኩት። ሳቀና አንድ ነገር ተጫነ። ወገኖቼ! ከብጫ ሰም የተሠራች የምትመስል ፊት ብቅ አለች። ግንባር፣ ከንፈር፣ ጉንጭ። እጇን አንሥታ አፏ ውስጥ ከተተች። ከዚያ አዛጋች! እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰባት ዓመት የሰው ልጅ ያዘልኩ ሴት የራሴን ሳይ እንባዬን በየት ልያዘው?

ሐኪሙ ይናገራል። እኔ «አዎ ዶክተር፣ እሺ ዶክተር» እላለሁ። ዓይኔ ግን ስክሪኑ ላይ ነው። ሲጨርስ አንድ ሲዲና አንድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። «ወረቀቱን ለአዋላጅሽ ስጪያት» አለኝ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፍኩና ሲዲው ሽፋን ውስጥ ከተትኩት። ይችን ልብ በሉልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቤት ስገባ ከኩዌት ያመጣሁትን ቴሌቪዥን ከፍቼ ሰፈሩን ጠራሁ። ፊልሙን በስልኬ ቀርጬ ለደምሴ በኢሞ ላክሁለት፤ እሱም እዚያ ከጓደኞቹ ጋር ያየዋል፣ እኛም እዚህ። ሴቶቹ «ማሻአላህ በሉ! ማሻአላህ በሉ!» እየተባባሉ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ እማማ ስንዱ ብቻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። «እማማ፣ የልጅ ልጅዎ እኮ ናት!» ብላቸው «ስትወለድ አያታለሁ» አሉኝ። አንዷ ጎረቤታችን ምስሉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የልጄ ከንፈር ሲጣመም አይታ «ውይ፣ ልጅቷ ጉድለት አለባት» ብላ ልታስለቅሰኝ ነበር። በኋላ ሲስተር መሠረት አስረዳችኝ፤ ልጅ ሲንቀሳቀስ ምስሉ ይዛባል፣ እጇ ወይ እትብቷ ፊቷ ላይ ካለ የተቆረጠ ይመስላል፣ ጀርባዋን ከሰጠች ደግሞ ጭራሽ ፊት አይታይም። ስለዚህ ፊልሙ ቢያስከፋችሁ ሐኪም ሳትጠይቁ አትደንግጡ። ቢያስደስታችሁም ሐኪም ሳትጠይቁ አትዝናኑ። እኔ ሁለተኛውን ነው ያደረግሁት።

ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ክትትሌን ተውኩት። ልጄን በዓይኔ አይቼ ስታዛጋ፣ ምን ቆርጦኝ በጥሩምባ እሰማለሁ! ሲስተር መሠረት ገበያ ላይ አገኘችኝ። «እቴነሽ፣ ቀጠሮሽ አለፈ እኮ። ደሴ ሄደሽ ነበር አሉ፤ የሰጡሽን ወረቀት አምጪልኝ» አለችኝ።

«ወረቀት ምን ያደርግልሻል? ቤት ነይና ፊልሙን ላሳይሽ» አልኳት።

«ፊልሙ ፊቷን ነው የሚያሳየኝ። ፊት ብቻ አይደለሽም ያረገዝሽው» አለችኝ። ተቀየምኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሄድኩ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አንድ ጠዋት ልብሴ ላይ ጥቂት ደም አየሁ። ቁርጠት የለ፣ ሕመም የለ። ለእማማ ስንዱ ነገርኳቸው። ሴትዮዋ አመድ መሰሉ። «አላልኩሽም? የሰው ዓይን ነው! ገና ያልተወለደች ልጅ አደባባይ አውጥተሽ!» አሉና ሲዲውን ከነሽፋኑ ከቴሌቪዥኑ ሥር መንጭቀው ከእንጨት ሳጥናቸው ከተቱት። ቁልፉ በማተባቸው ላይ ታስሮ አንገታቸው ላይ ነው የሚኖረው፤ የእኔም ወርቅና ወረቀቶቼ፣ ያቺ በሻርፕ የተጠቀለለች መጽሐፍ ጭምር፣ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ቆለፉበት። «ዳግመኛ ማንም አያያትም» አሉ።

ከዚያ ዱዓ ያድርጉልን ብለው ሼህ እንድሪስ ዘንድ ሄዱ። ሼህ እንድሪስ ደረሳ ለሚባሉት ተማሪዎቻቸው ቁርዓን የሚያስቀሩ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። በአጥሩ በኩል ድምፃቸው ይሰማኛል። «ስንዱ፣ ዱዓውን እኔ አደርገዋለሁ፤ ሐኪም ቤቱን እናንተ አድርጉት። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» አሉ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ጌታ ያን ቀን በእሳቸው አፍ ተናግሮኛል። እኔ ግን ከቤት ሆኜ «ቆሟል ሼኽዬ! ኸይር ነው!» ብዬ ጮህኩ። እውነትም ቆሞ ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ዘልያለሁ። ሦስት ዓመት ስዘለው የኖርኩት ነገር ነው። ዛሬ እመለስበታለሁ ብያለሁ፣ እመለስበታለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ሙቅ ነገር በእግሬ ወረደ። ዝቅ ብዬ ሳይ ጫማዬ ውስጥ ደም ሞልቷል። አሁንም ሕመም የለም! እናቶች፣ ደም ካያችሁ ቢያምም ባያምም፣ ትንሽም ቢሆን፣ ቢቆምም እንኳ፣ የምትሄዱት ሐኪም ቤት ነው። ሕመም የለውም ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። እማማ ስንዱ የጮኹት ጩኸት እስከ ገበያው ተሰማ። አምቡላንስ ተጠራ፤ ሲስተር መሠረትም ሰምታ ከጤና ጣቢያው እየሮጠች ደረሰች። እማማ ስንዱንም አስከትላ፣ እጄን ይዛ አብራኝ ገባች። አንድም «አላልኩሽም» አላለችኝም። ይሄን መቼም አልረሳላትም።

ሆስፒታል ስንደርስ አንድ ወጣት ሐኪም ወዲያው በዚያ በጥቁርና ነጩ አልትራሳውንድ አየኝ። ፊቱ ተለወጠ። «የእንግዴ ልጁ ታች ወርዶ የማህፀኑን በር ዘግቶታል። በምጥ መውለድ አይቻልም፤ አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና ነው። ደም ያስፈልጋል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ከዚህ በፊት አልትራሳውንድ አልታየሽም?» አለኝ።

«ታይቻለሁ፣ ፊልምም አለኝ» አልኩ፤ ድምፄ ሲወጣ አይሰማኝም።

እማማ ስንዱ ፊልም የሚለውን ሲሰሙ በባጃጅ ወደ ቤት በረሩ። ሐኪሙ ፊልሙን ሲያይ ልጅቷ የምትድን መስሏቸዋል፣ አያችሁ! ደሜን መርምረው ለቀዶ ሕክምናው ሊያዘጋጁኝ እየተሯሯጡ ሳለ ሲዲውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ነጠላቸው ወድቆ፣ ኮሪደሩ ላይ ደረሱ። ሐኪሙ ሽፋኑን ከፈተ። ሲዲውን አላየውም። አራት ቦታ የታጠፈችውን ወረቀት አወጣና ዘረጋት። አነበባት።

«ይሄ ከአንድ ወር በላይ ሆኖታል» አለ። «የእንግዴ ልጁ በሩን ሸፍኗል፣ በአራት ሳምንት ውስጥ ዳግመኛ ትታይ፣ ደም ካየች በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ፣ ሆስፒታል ትውለድ፣ ይላል። ይሄን ያነበበ ሰው የለም?»

እኔ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ፣ እሰማለሁ። ፊደል ያልቆጠሩት እማማ ስንዱ ከሐኪሙ ፊት ተንበረከኩ። «እኔ ነኝ ልጄ፣ እኔ ነኝ የቆለፍኩበት። በእኔ ይድረስ። እሷን አትርፍልኝ» አሉ።

እኔ ዝም አልኩ።

ሲስተር መሠረት ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ «እቴነሽ፣ ልጸልይልሽ?» አለችኝ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። ረጅም ጸሎት አይደለም፤ ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ እኛ ጥቂቱን ነው ያየነው፤ አንተ በስውር የሠራኸውን ሁሉ ታያለህ። የሐኪሞቹን እጅ ያዝ፣ ሁለቱንም መልስልን» አለች። እኔም በልቤ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ላላየሁት ጌታ ተናገርኩ። ፊቷን ብቻ አይቼ ልጄን አውቃለሁ አልኩ፤ አላውቃትም፤ አንተ እያት አልኩት። ከዚያ አስተኙኝ።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ደም ሲጠየቅ የዚህች ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ስሜን እንኳ ሳያውቁ በሲስተር ስልክ መጥተው ተሰለፉ። ሼህ እንድሪስ ሁለት ጎልማሳ ደረሶቻቸውን «ዱዓ ያደረጋችሁላት ሴት ናት፣ ደሙንም ስጧት» ብለው ላኳቸው። ዛሬ በእኔ ሥር የሚሮጠው የማን ደም እንደሆነ ለይቼ አላውቅም። ሃሌሉያ! ጌታ ሲያድን ሰፈሩን ሁሉ ይጠቀማል!

ስነቃ እማማ ስንዱ አጠገቤ ነበሩ። በነጠላ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ደረታቸው ላይ ገላ ለገላ አጣብቀዋል፤ ጊዜዋ ስላልሞላ እንዲሞቃት ነርሶቹ አሳይተዋቸው ነው። «አብሽሪ፣ አለች» አሉኝ። አፍንጫዋን አየሁ። የደምሴ ነው። ስሟን ምሕረት አልናት። ክብር ለስሙ ይሁን! ክብር፣ ክብር ለስሙ!

ቤት ስንገባ ሳጥኑ እንደተዘረገፈ ነበር፤ እማማ ስንዱ ሲዲውን ፍለጋ ያለውን ሁሉ አልጋው ላይ ገልብጠውት ሄደዋል። ወርቁ እዚህ፣ ሻርፑ እዚያ። ከሻርፑ ውስጥ ያቺ የአስቴር አዲስ ኪዳን ወጥታ ተዘርግታለች። አራስ አልጋ ላይ ተቀምጬ አነሣኋት። አለቀስኩ፣ ወገኖቼ። ሁለት የሚያድን ጽሑፍ በአንድ ሳጥን ውስጥ ነበረኝ፤ አንዱ የሥጋዬ፣ አንዱ የነፍሴ። ሁለቱንም ሳላነብ ልሞት ነበር። ያን ቀን ማንበብ ጀመርኩ። ልጄን እያጠባሁ አነባለሁ፣ ስትተኛ አነባለሁ። አራስነቴን እንደጨረስኩ እዚህ መጥቼ በሩ አጠገብ፣ እንዳልታይ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው እሑድ ጌታን ለመቀበል የሚፈልግ ሲባል እግሬ ራሱ ተነሣ። «ያላየሁትን አላምንም» ስትል የኖረችው እቴነሽ ያላየችውን ጌታ አመነች። ይኸው አላሳፈረኝም!

አሁን አንዳንድ ወንድሞች «ጸልያ ዳነች» እያላችሁ እንደምታወሩልኝ አውቃለሁ። አዎ ጸልየናል። ግን ጸሎት ሐኪም ቤት አያስቀርም! የጸለየችልኝ ራሷ አዋላጅ ናት፤ በአንድ እጇ እጄን ይዛ በሌላው የደም ግፊቴን ትለካለች። በእምነት ነው ብላችሁ ክትትል የምታስቀሩ ካላችሁ፣ ዛሬ በፊቴ ባታልፉ ይሻላችኋል።

ፊልሙንም እያወገዝኩ አይደለም። ደምሴ በሰው አገር ሆኖ ልጁን አይቶ አልቅሷል፤ መልካም ነገር ነው። ተነሡ፣ እዩ፣ ደስ ይበላችሁ። ግን በሠለጠነ ሐኪም ይሁን፣ ለናፍቆት ብቻ እየተመላለሳችሁ ሆዳችሁን አታስነካኩ። ጨረር አይደለም፣ ድምፅ ነው፤ ጎጂነቱ አልታየም ይላሉ ሐኪሞቹ፣ ቢሆንም ያለ ምክንያት አይደጋገም ይላሉ። ወንድ ነው ሴት ናት የሚለውም ይሳሳታል፤ እዚያች ጥግ የተቀመጠችው እህታችን ለወንድ ልብስ ሰፍታ ሴት ታቅፋለች፣ አትሳቂ! ዋናው ግን ይሄ ነው። ከአልጋው ሳትወርዱ ጠይቁ። የእንግዴ ልጁ የት ነው? ውሃው ይበቃል? እድገቷ ከወሯ ጋር ይሄዳል? ወረቀቱ ምን ይላል፣ በአማርኛ ንገሩኝ በሉ። አባቶችም አብራችሁ ግቡ፤ እናት ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ሲቀር የእናንተ ጆሮ ሐኪሙ ጋ ይሁን።

አሁን ወደዘለልኩት ልመለስ። የፕሮግራም መሪ፣ ሰዓቱን አስቀምጠው።

ሦስት ዓመት ይሄን ምስክርነት ስናገር «ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎብኝ» እያልኩ ነው የተናገርኩት። ከተማው ሁሉ ጥፋቱ የእማማ ስንዱ ነው ብሎ ያውቃል። ምንጭ ላይ፣ ለቅሶ ቤት «በአጉል እምነቷ የልጅ ልጇን ልትገድል ነበር» ሲባሉ ሰምቻለሁ። እሳቸውም ሰምተዋል። አንድ ቀን አልመለሱም። እኔም አንድ ቀን አላስተባበልኩም።

ወገኖቼ፣ ያ የደሴ ሐኪም በአማርኛ ነግሮኛል። ሁለት ጊዜ ነግሮኛል። «ደም ካየሽ በዚያው ቀን ሆስፒታል» ብሎኛል። ስክሪኑን እያየሁ በግማሽ ጆሮ ሰምቼዋለሁ። የመጀመሪያዋን ደም ያየሁ ጠዋት ነገሩ ትዝ አለኝ። እማማ ስንዱ ሳጥኑን ሲቆልፉ፣ ወረቀቱ እዚያ ውስጥ እንዳለ አውቅ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ብናገር ሆስፒታል አስተኝተው ያስቀሩኛል፣ ያ ሁሉ ጉራዬም መሳቂያ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ያላነበቡት ማንበብ ስለማይችሉ ነው። እኔ እያወቅሁ ነው።

እማማ ስንዱ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ገብተዋል። ያቻቸው፣ ምሕረትን ታቅፈው ከኋላ በሩ አጠገብ ናቸው። የመጡት ሃይማኖታቸውን ትተው አይደለም፤ ልመናዬን ሰምተው ነው። ለምን እንደለመንኳቸው አልነገርኳቸውም። እማማ፣ ሁሉም ይስማልኝ። እርስዎ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። ኮሪደሩ ላይ ተንበርክከው የተሸከሙት የእኔን ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ምን አሉ? ሰማችሁ? «አውቄአለሁ፤ ወረቀቱ ከሽፋኑ ሲወጣ እንደ መሐረብሽ አራት ቦታ ታጥፏል፤ አጥፈሽ የደበቅሽው አንቺ መሆንሽን ያኔውኑ ለይቼዋለሁ። ልጂቱ ልትተኛ ነውና አትጩሂ» ነው ያሉት! ኧረ እናቴ! ሦስት ዓመት ሙሉ እያወቁ!

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ልስበክ። የእኔን ጥፋት እያወቀ የተሸከመልኝ ጌታ እንዳለ ስሰማ ቶሎ ያመንኩት ለካ ቤቴ ውስጥ አይቼው ነው። ዛሬ በልባችሁ ያጠፋችሁት፣ አጥፋችሁ የደበቃችሁት ነገር ካለ ወደ እሱ አምጡት፤ ያውቀዋል፣ አይጥላችሁም። እርጉዞች ደግሞ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ከፕሮግራሙ በኋላ በሩ ላይ ሲስተር መሠረትን አግኟት፤ ታነብላችኋለች። ጌታ ይባረክ። እኔ አሁን ወርጄ ከእማማ ስንዱ ጎን ልቀመጥ፤ ልጂቱ ከብዳቸዋለች፣ ልቀበላቸው።